የያዝ-ለቀቆች ሦስት ዶቃ

የአገሩን ስም ልተወው፤ ብነግራችሁ «ይሄማ የኛ ሰፈር ነው» የሚል አይጠፋም። ንጉሥ ነበረው። ሹማምንት ነበሩት። ከሹማምንት የተረፈው ደግሞ ሕዝብ ይባል ነበር። በዚያ አገር የሚወለድ ሰው ሁሉ አንገቱ ላይ ክር፣ ክሩ ላይ አንዲት ዶቃ ይዞ ይወለዳል። አንዲት ብቻ። የባለጸጋ ልጅ ሁለት ይዞ አይመጣም፣ የድሃም ልጅ ክሩ ባዶ አይሆንም። ዶቃዋ በደረቅ መሬት ላይ ምንም አታደርግም፣ እንዳንቀላፋች ትኖራለች። ውሃ ሲነካት ግን ነቅታ ከክሩ ወርዳ ትዋኛለች። እየዋኘች ያለች ዶቃ ደግሞ አይጣል ነው፤ ገላን እንደ ሳማ ትለበልባለች፣ ጨርቅ ትበሳለች፣ ብረት ትበላለች፣ ውሃውንም ፊት የሚያጨማድድ ኮምጣጣ ታደርገዋለች። ባለቤቷ ከውሃ ሲወጣ ተከትላው ትወጣና ክሯ ላይ ተመልሳ ትተኛለች።

በአገሩ ሁለት መንደሮች ነበሩ። በእያንዳንዳቸው ሦስት መቶ ሰው፣ ስለዚህም ሦስት መቶ ዶቃ ነበር። የመንደሮቹ ሰዎች በመልክም በአነጋገርም አይለያዩም፤ የሚለያዩት ውሃ ውስጥ ሲገቡ ነው።

የላይኛው መንደር ሰዎች ዘርጋፎች ይባላሉ። ገና ቁርጭምጭሚታቸው ሳይረጥብ ዶቃቸውን በሙሉ ይለቃሉ። ሦስት መቶ ሆነው ከገቡ ሦስት መቶ ዶቃ ይዋኛል። ከዋኙት ዶቃዎች አንዷ ዞራ ዞራ አገጫቸው ሥር ብትመጣ እንኳ አይነኳትም፤ የሰጡትን መልሰው የማይቀበሉ ኩሩዎች ናቸው።

የታችኛው መንደር ሰዎች ያዝ-ለቀቆች ይባላሉ። እነሱም ይለቃሉ። ነገር ግን የለቀቋት ዶቃ ወይም ጎረቤት የለቀቃት በአጠገባቸው ስታልፍ፣ ክራቸው ቀልቦ ይይዛታል። አንዱ ሲይዝ ሌላው ይለቃል፣ ያኛው ሲለቅ ይሄኛው ይይዛል። እንዲህ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሲሉ ይውሉና፣ በየትኛውም ሰዓት መጥታችሁ ብትቆጥሩ የምትዋኘው ዶቃ ሦስት ብቻ ናት። ከሦስት መቶው ሦስት። ከሩቅ ለሚያያቸው ዝም ብለው የቆሙ ይመስላሉ፣ እነሱ ግን አንድ አፍታ እንኳ አያርፉም።

ይህ እንግዲህ አፈጣጠር ነው። አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር እንደሚሆን ማለት ነው። አፈጣጠርን የፍቅር መለኪያ ያደረጉት ሹማምንቱ ናቸው።

በየዓመቱ የመንከሪያ ቀን የሚባል በዓል ነበር። ከቤተ መንግሥቱ በታች ጎን ለጎን ሁለት የድንጋይ ገንዳዎች አሉ። ሁለቱ መንደሮች በየገንዳቸው ይገባሉ። ከዚያ ሊቀ ጨርቅ የሚባለው ሹም በሐምራዊ አበባ የተቀለመ ጨርቅ በረጅም የብረት መቆንጠጫ ይዞ በየገንዳው ይነክራል። ብዙ ዶቃ የሚዋኝበት ውሃ ጨርቁን ያቀላዋል። ጨርቁ የቀላ መንደር ንጉሡን የሚወድ ነው፣ ያልቀላ መንደር ልቡ ሌላ ቦታ ነው ተብሎ ይጻፋል። ቅላቱ በዘፈቀደ አይዳኝም፤ በቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ላይ የቅላት መሰላል ተስሏል። ከላይ «የደረቀ በርበሬ»፣ ከሥሩ «የበሰለ ቲማቲም»፣ ከዚያ «የተቆጣ ዶሮ ኩክኒ» እያለ ይወርድና፣ ከሁሉ በታች «የአፈረ ሰው ጉንጭ» ላይ ያበቃል። ከመሰላሉ በላይ ደግሞ በትልልቅ ፊደል «ጨርቅ አይዋሽም» ተብሎ ተጽፏል። አንገት ላይ ያለ ዶቃ መቁጠር በአዋጅ የተከለከለ ነው። ሹማምንቱ ምክንያቱን ሲጠየቁ፣ «ያልታየ ፍቅር ፍቅር አይደለም» ይላሉ።

ዘርጋፎች ታዲያ ሁልጊዜ በርበሬ ናቸው። የእነሱ ውሃ የሊቀ ጨርቁን መቆንጠጫ በየዓመቱ ስለሚበላው በየዓመቱ አዲስ ይሠራለታል። ፍንጣቂው የሹማምንቱን ሱሪ ስለሚበሳው ደግሞ ሱሪው የተበሳ ሹም ለፍቅር የቀረበ ነው እየተባለ ይከበር ጀመር። በኋላማ ልብስ ሰፊዎች አስቀድሞ የተበሳ ሱሪ እየሰፉ ለሹማምንት ማቅረብ ለመዱ። ያዝ-ለቀቆች ግን ከአፈረ ሰው ጉንጭ ወጥተው አያውቁም።

በቅርቡ የወጣው ሕግ፣ ሦስት ዓመት በተከታታይ ጉንጭ የሆነ መንደር ከቦታው ተነቅሎ ከኖራው ተራራ ማዶ ይስፈር ይላል። ሕጉ ከወጣ ወዲህ ያዝ-ለቀቆች ሁለት ዓመት ጉንጭ ሆነዋል። ዘንድሮ ሦስተኛቸው ነበር።

ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ እንቅልፍ የነሳው ወይዘሮ ብጡልን ነው። ብጡል የያዝ-ለቀቆች አፈ ጉባኤ ናት፣ ስልሳ ዓመት አልፏታል። መንደሩ የቆመው እናት ምንጭ ከሚባለው ውሃ አጠገብ ነው። አገሩ ሁሉ፣ ንጉሡም ጭምር፣ የሚጠጣው ከእናት ምንጭ ነው። የምንጩን አፍ በየሳምንቱ ከቅጠልና ከደለል የምታጸዳው ብጡል ናት፤ ከእሷ በፊት እናቷ ነበረች። በኖራው ተራራ ማዶ ምንጭ የለም። እዚያ ያለው ነጭ አቧራ ብቻ ነው፣ ዝናብ ሲነካው ደግሞ እንደ ሳሙና ሙልጭልጭ ይላል፤ ከብት እንኳ አይቆምበትም።

ስለዚህ በዓሉ ሊደርስ አንድ ወር ሲቀረው መንደርተኛውን ሰብስባ ኩሬ ውስጥ አስገባችና ማለማመድ ጀመረች።

«እንግዲህ ልቀቁ» አለች። «ለቃችሁ እንደለቀቃችሁ ቁሙ። ምን ይከብዳል? ዘርጋፎች ያደርጉት የለ?»

ለቀቁ። አፍታ ሳይቆይ ሦስት።

«አያ ስንሻው» አለች፣ አጠገቧ የቆመውን የሟች ባሏን ወንድም ገላምጣ፣ «አሁን የለቀቅካት የት ደረሰች?»

«እኔማ ለቅቄ ነበር» አለ ስንሻው። ጨዋታ አዋቂ፣ ነገር ግን ከልቡ የማይዋሽ ሰው ነው። «የኔዋን ለቀቅኳት፣ ሄደች። ከዚያ የአንቺዋ መጣች። የሰው ዶቃ መንገድ ላይ ስትንከራተት እያየሁ ዝም ልበል?»

«የኔዋ ናት እንዴ አንተ ጋ ያለችው?»

«ነበረች። አሁን ደግሞ ለቅቄያታለሁ።»

ያልሞከሩት ነገር የለም። ክራቸውን በሰም ለወሱት፣ ሰሙ ሟሟ። ማሉ፤ መሐላው ሳያልቅ ያዙ። ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ሲገልጡ ዶቃው አንገታቸው ላይ ነው። አምና ደግሞ አንዱ ብልጥ ነኝ ባይ ምክር አምጥቶ፣ ከድንበር ማዶ እንደነሱው ባለ ዶቃና ያዝ-ለቀቅ የሆኑ አማቾቻቸውን ሁሉ በድብቅ ጠርተው፣ ስድስት መቶ ሆነው በአንድ ገንዳ ተጠቅጥቀው ነበር። ሰዉ እጥፍ ሲሆን ከሦስት ዶቃ ወደ አራት ከፍ አሉ። መሰላሉ ላይ ለውጥ አልታየም፤ አማቾቹን ግን ሳምንት ሙሉ ማብላት ነበረባቸው።

ብጡል በመጨረሻ ኩሬው ዳር ቁጭ ብላ አለቀሰች። የምታለቅሰው በሕዝቧ አልነበረም፤ በራሷ ነበር። እሷም ብትሆን ስንቴ ለቃ ስንቴ እንደያዘች ታውቃለች።

የመንከሪያው ቀን ደረሰ። በዚያ ዓመት ንጉሡ የቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ለበዓሉ እንዲነጣ አዝዘው ነበር። የነጭ ግድግዳ ሹም ከገንዳዎቹ በላይ፣ ኮረብታው ላይ፣ ትልቅ ጉድጓድ አስቆፍሮ ኖራ በውሃ አስበጥብጦበታል። ለግድግዳው አንድ አሥረኛው ይበቃ ነበር። ሹሙ ግን «ጉድጓዱ የሚሞላው በግድግዳው ልክ ሳይሆን ለንጉሡ ባለን ፍቅር ልክ ነው» ብሎ እስከ አፉ አስሞላው። በቁልቁለቱ በኩል ያለው የጉድጓዱ ግንብ መሰንጠቁን ያዩ ሠራተኞች ነግረውት ነበር። እሱም አደጋ የሚደርስ ከሆነ ከመድረሱ ሦስት ቀን አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲያመለክቱ አዘዛቸው።

መጀመሪያ ዘርጋፎች ገቡ። መሪያቸው አቶ ድልነሳ እጁን ዘርግቶ ፊት ፊት ሲሄድ፣ ሦስት መቶው ሰው ዶቃውን በአንድ ጊዜ ዘረገፈ። ውሃው ተንጨረጨረ። ሊቀ ጨርቅ አጥናፉ ጨርቁን ነክሮ ሲያወጣው እንደ በርበሬ ቀልቷል፤ የመቆንጠጫውም ጫፍ ውሃው ውስጥ ተበልቶ ቀርቷል። ንጉሡ አጨበጨቡ። ሹማምንቱ የሱሪያቸውን ቀዳዳ ወደ ንጉሡ አዙረው አጨበጨቡ።

ያዝ-ለቀቆች በሌላው ገንዳ ገቡ። ብጡል ለቀቀች፤ በሆዷ «እባክሽ አትመለሽ» አለቻት። ዶቃዋም ሄደች። ወዲያው የማን እንደሆነች ያላወቀቻት ሌላ ዶቃ መጥታ ክሯ ላይ ቁጭ አለች።

ድልነሳ ከጎረቤት ገንዳ አጥር ላይ ተደግፎ ያይ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፤ ገላው በራሳቸው ዶቃ ተለብልቦ ክንዱን ያካል።

«ወይዘሮ ብጡል» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንድ ጊዜ ዓይንዎን ጨፍነው ቢለቁትስ?»

«ዓይኔን ጨፍኜማ ነው የያዝኩት» አለችው።

ጨርቁ ወጣ። አጥናፉ ወደ መሰላሉ ወስዶ ሥር ለሥር እያስጠጋ ቢፈልግለት ከጉንጭ በላይ ቦታ አጣለት። ከገንዳው ዳር ያለው ዶቃ ቆጣሪ፣ ዘገየ የሚባል ጸጥ ያለ ሰው፣ እንደ ሥራው ደንብ የሚዋኙትን ብቻ ቆጥሮ «ሦስት» አለ።

አጥናፉ ጉሮሮውን ጠረገ። አስቀድሞ የተጻፈና የታተመ ወረቀት ከእጅጌው አወጣ።

«የታችኛው መንደር ሰዎች ለንጉሣቸው ከሦስት መቶ ዶቃ ሦስት ብቻ ስለሰጡ፣ የቀረውንም በስስት ስላስቀሩ፣ ከነገ ጀምሮ ከእናት ምንጭ ተነሥተው ከኖራው ተራራ ማዶ ይሰፍራሉ። ምንጩም ለላይኛው መንደር ይሰጣል።»

 ስንሻው የብጡልን ክንድ ያዘ።

ኮረብታው ላይ ያለው ግንብ የተናደው በዚህ ሰዓት ነው። ሦስት ቀን አስቀድሞም በጽሑፍ አላመለከተም። ነጩ ውሃ እየተንፏቀቀ ወረደ። ከገንዳዎቹ በላይ ካለው ቋጥኝ ጋር ሲላተም ለሁለት ተከፈለና፣ ግማሹ ወደ ዘርጋፎች ገንዳ፣ ግማሹ ወደ ያዝ-ለቀቆች ገንዳ አቀና። ከገንዳዎቹ በታች ያለው ደግሞ እናት ምንጭ ነው። ኖራው ገንዳዎቹን አልፎ ምንጩ ከገባ አገሩ የሚጠጣው አይኖረውም።

ዶቃና የኖራ ጠብታ ሲገናኙ ምን እንደሚሆኑ በዚያ አገር የማያውቅ የለም። አንዲት የምትዋኝ ዶቃ ከአንዲት የኖራ ጠብታ ጋር ስትገጥም ይተቃቀፋሉ፣ ሁለቱም ይጠፋሉ፣ በቦታቸው የሚቀረው ንጹሕ ውሃ ነው። የጠፋችውን ዶቃ የምትተካ ደግሞ በዓመቱ፣ እንደ ልጅ ጥርስ፣ ክሩ ላይ ትበቅላለች። ለአንድ ጠብታ አንድ ዶቃ፤ ከዚያ አይበልጥም፣ አያንስም። የሚያቆመው ነገር ቢኖር ገንዳው ውስጥ ያለው ሰው ብቻ ነበር።

ሹማምንቱ ይህን ስለሚያውቁ ንጉሡን ይዘው ወደ ዘርጋፎች ገንዳ ጀርባ ሮጡ። መሬቱ ሙልጭልጭ ብሎ ስለነበር የሮጡት ጥቂቱን ነው፤ የቀረውን መንገድ በመቀመጫቸው ተንሸራተው ደረሱ። አጥናፉ ራሱ ሁለት ጊዜ ወድቆ ከራሱ እስከ እግሩ ኖራ ተለቀለቀ። ንጉሡን አንድ ሹም ከፊት እየጎተተ፣ አንዱ ከኋላ እየገፋ አደረሷቸው። ከያዝ-ለቀቆች ገንዳ ጀርባ አንድም ሹም አልቀረም። ሦስት ዶቃ ይመክታል ብሎ ማን ይቆማል? ዘገየ ብቻ ነበር ከቦታው ያልተነቃነቀው፤ እሱም «ቁም» የተባለበትን ቦታ የሚለቅ ሰው ስላልነበር ነው።

በያዝ-ለቀቆች ገንዳ ውስጥ ስንሻው ወደ ብጡል ዞረ።

«እንውጣ» አላት። እንደ ልማዱ አልቀለደም። «ከነገ ጀምሮ ምንጩ የኛ አይደለም ተብለናል። ለማን ምንጭ ነው የምንለበለበው? ዶቃችንን ጨርሰን፣ አንገታችንን ባዶ አድርገን ኖራው ማዶ ልንሰፍር ነው?»

ብዙ ሰው «እውነቱን ነው» አለ። አንዳንዱም እግሩን ወደ ዳር አነሣ።

ብጡል ወደ ታች፣ ወደ ምንጩ አየች። ትናንት ያጸዳችው አፉ ከሩቅ ያበራል። ተናዳ ነበር፤ ንዴቷ ግን በውሃው አልነበረም።

«ነገ የእነሱ ነው፣ አውቃለሁ» አለች። «ዛሬ ግን ገና የኛ ነው፤ ዛሬንም አልጨረስነውም። የሚወጣ ይውጣ፣ እኔ አልወጣም።»

ስንሻው ትንሽ አሰበና ያነሣውን እግር መልሶ አስቀመጠ። «እንግዲህ አንቺ ቆመሽ እኔ ብወጣ ሙት ወንድሜ በሕልሜ ይመጣብኛል» አለ። ማንም አልወጣም።

ነጩ ውሃ ሁለቱንም ገንዳ እኩል ገባባቸው።

በዘርጋፎች ገንዳ ሦስት መቶው ዶቃ ከፊት ቆሞ ጠበቀው። ፍልሚያው የሚያምር ነበር፣ ይንጨረጨራል፣ ይጨሳል። የዚያ ገንዳ ቆጣሪ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ሦስት መቶ!» ይላል፣ ሹማምንቱ ያጨበጭባሉ። «ሁለት መቶ ሰባ!» ይላል፣ ያጨበጭባሉ። «ሁለት መቶ አሥር!» ሲል ጭብጨባው ሳሳ።

በያዝ-ለቀቆች ገንዳ ሦስቱ ዶቃዎች ሦስት ጠብታ ይዘው ጠፉ።  አሁን ግን ነገሩ እንደ ወትሮው አልሆነም። የተለቀቁት ዶቃዎች ስለማይመለሱ የሚያዝ ጠፋ። የሚያዝ ሲጠፋ የሚቀረው መልቀቅ ብቻ ነው፤ እነሱ ደግሞ መልቀቁን መቼም አቋርጠውት አያውቁም። አንዱ ለቀቀ፣ ሌላው ለቀቀ፣ ሦስተኛዋም ወረደች። ሦስት ሆኑ። እነሱም ጠፉ። ሌሎች ሦስት ወረዱ።

«እዚያስ ምን ያህል ቀረ?» ብለው ንጉሡ ከጎረቤት ጮኹ።

«ሦስት» አለ ዘገየ።

«መቶ ሰማንያ!» አለ የዘርጋፎች ቆጣሪ።

ኖራው ይፈሳል። ያዝ-ለቀቆች አንድ በአንድ አንገታቸው እየተራቆተ ሄደ። ሲለቁ የሚሰማ ድምፅ የለም፣ የሚታይ ጭስ የለም።

«እዚያስ?»

«ሦስት።»

«መቶ ሠላሳ!»

«እዚያስ?»

«ሦስት፣ ንጉሥ ሆይ።»

ንጉሡ ግራ ገባቸው። «ይሄ ሦስት ስንት ጠብታ ነው የሚችለው?»

«አላውቅም፣ ንጉሥ ሆይ» አለ ዘገየ። «ደንቡ የሚዋኘውን ብቻ ቁጠር ይላል። ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ናቸው።»

የዘርጋፎች ቆጣሪ «ሰባ!» ሲል አንድ ሹም ጫማውን የሚያስተካክል መስሎ ጎንበስ አለና፣ ቀና ሲል ወደ ሁለተኛው ገንዳ ጀርባ ሁለት እርምጃ ተጠግቶ ተገኘ። «ሃምሳ!» ሲባል ሁለት ሹማምንት ስለ አየሩ ጸባይ እየተጨዋወቱ፣ ንፋስ የሚቀበሉ መስለው ተሻገሩ። «ሠላሳ!» ሲባል የተበሳውን ሱሪ በእጅ ሸፍኖ መሻገር ተጀመረ። ንጉሡም በመጨረሻ «በዚህ በኩል ፀሐዩ በረታ» ብለው ተሻገሩ። ከያዝ-ለቀቆች ገንዳ ጀርባ ቦታ ጠበበ።

ብጡል የማን እንደሆነች የማታውቃትን ዶቃ አሁንም አንገቷ ላይ ይዛ ነበር። ዙሪያዋን ስታይ የስንሻው ክር ባዶ ነው። ከጎኗ የቆሙት አዲስ ሙሽሮች ክር ባዶ ነው። ዶቃዋ ከክሯ ስትወርድ ተሰማት፤ ስትሄድ አየቻት። አልተመለሰችም። ሌላም አልመጣም። አንገቷን ዳሰሰችና ደነገጠች፤ ውሃ ውስጥ ቆማ አንገቷ ቀልሏት አያውቅም። የመጣባት ለቅሶም ሳቅም አልነበረም፤ ተመስገን ማለት ብቻ አማራት።

የመጨረሻው ኖራ ወርዶ አለቀ። የዘርጋፎች ቆጣሪ «ባዶ!» አለ። ዘገየ ጎንበስ ብሎ አየ፣ ዓይኑን አሽቶ እንደገና አየ። በሥራ ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሦስት ያነሰ ቁጥር ተናገረ።

«አንድም የለም።»

ከገንዳዎቹ በታች የወረደው ውሃ ጥርት ያለ ነበር። አንዲት አሮጊት ቀምሳው «ትንሽ ጨው ጨው ይላል እንጂ ደኅና ነው» አለች።

ድልነሳ ባዶ ክሩን እየዳሰሰ አጥሩን ዘልሎ መጣ።

«ወይዘሮ ብጡል፣ ስንት ነበራችሁ?»

«ሦስት መቶ።»

«እኛም ሦስት መቶ ነበርን» አለ። «የት ነበረ ይሄ ሁሉ?»

«አንገታችን ላይ።»

 ድልነሳ አጠገቧ፣ ገንዳው ዳር ቁጭ አለ።

ሰው ሁሉ ነገሩ በዚህ የሚያበቃ መስሎት ነበር። ሊቀ ጨርቅ አጥናፉ ግን ኖራውን ከፂሙ አራግፎ ያንኑ ወረቀት አወጣ። ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው ነው።

«የሆነው ሆኗል፤ ውሳኔው ግን ታትሟል» አለ። «የተነከረው ጨርቅ ጉንጭ ነበር። ጨርቅ ደግሞ አይዋሽም። የታችኛው መንደር ነገ ጧት ይነሣል።»

ያዝ-ለቀቆች አጉረመረሙ። ዘርጋፎችም አጉረመረሙ፤ ይህ ያልተለመደ ነበር። ብጡል ከገንዳው ወጣች። ቀሚሷ እየተንጠባጠበ ከንጉሡ ፊት ቆመች።

«እንሄዳለን፣ ንጉሥ ሆይ» አለች። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ሕጉ፣ በንጉሡ ጥላ ሥር ያለ ሁሉ ይነከራል ይላል። እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ ሊቀ ጨርቁ ጨርቅ ሲነክሩ እንጂ ራሳቸው ሲነከሩ አላየሁም። ከመሄዴ በፊት የእሳቸውን ፍቅር አይቼ ብሄድ።»

አጥናፉ «ይሄ ከሥርዓት ውጪ ነው» አለ። ንጉሡ ግን ይህን አስበውት አያውቁም ነበርና ማየት አማራቸው። ንጹሕ ውሃ በገበቴ ቀረበ። አጥናፉ ኖራ እንደለበሰ ሁለት እግሩን ከተተ፤ ውሃው ነጣ፣ ዶቃውም ወርዳ ወዲያው በኖራው ጠፋች። ዘገየ አዲስ ሐምራዊ ጨርቅ ነከረ።

ጨርቁ ሰማያዊ ሆኖ ወጣ።

ሰዉ ሁሉ ወደ መሰላሉ ዞረ። ከበርበሬ እስከ ጉንጭ ቢፈለግ ሰማያዊ የለም፤ ከጉንጭ በታች ያለው ባዶ ግድግዳ ነው። ዘገየ ጨርቁን ይዞ ቦታ ሲፈልግለት እስከ ግድግዳው እግር ድረስ ወረደ፤ በመጨረሻ መሬት ላይ አስቀመጠው።

«ይህ ምን ማለት ነው?» አሉ ንጉሡ።

አጥናፉ ለአፍታ እንኳ አላመነታም። «ንጉሥ ሆይ፣ ይህ ከፍቅር በላይ ነው። ቅላት ሲበዛ፣ ሲበዛ፣ ሲበዛ ወደ ሰማያዊ ይሻገራል። እስከ ዛሬ እዚህ የደረሰ ሰው ስላልነበረ ነው መሰላሉ ላይ ያልተጻፈው።»

ንጉሡ ጨርቁን አዩ፣ አጥናፉን አዩ፣ ቁልቁል የሚወርደውን ጥርት ያለ ውሃ አዩ። የተንሸራተቱበት መቀመጫቸው አሁንም ይቆጠቁጣቸው ነበር።

«እንደዚህ ያለ ፍቅርማ ከኔ አጠገብ መባከን የለበትም» አሉ። «ወረቀቱ ታትሟል ብለሃል፣ የታተመ ደግሞ አይቀደድም። ስሙን ብቻ እንለውጠው። ከኖራው ተራራ ማዶ የምትሰፍረው አንተ ነህ። የነጭ ግድግዳ ሹሙንም ውሰድ፤ ፍቅሩን የሚሞላበት ጉድጓድ እዚያ አያጣም።»

ያዝ-ለቀቆች በምንጫቸው ቀሩ።

መንከሪያው ግን አልቀረም፤ ሥርዓት በአንድ ቀን አይሻርም። በዓመቱ በሁሉም ሰው ክር ላይ አዲስ ዶቃ በቀለ። ዘገየ ሊቀ ጨርቅ ሆኖ ተሹሞ ነበር። ንጉሡም ያን ቀን የሆነውን አልረሱትምና፣ የአንገት ዶቃ መቁጠርን የሚከለክለውን አዋጅ ሽረው፣ በየመንደሩ ያለው ሁሉ ተቆጥሮ እንዲጻፍ አዘዙ። ሹማምንቱም ወዲያው፣ የተቆጠረውን ሁሉ ከበዓሉ በፊት ከግድግዳና ከአጥር ሥራ የሚተርፈውን ኖራ ለማጥፋት እንዴት እንደሚያውሉት መመካከር ጀመሩ፤ ወሬውም እናት ምንጭ ደረሰ።

ዘገየ መጀመሪያ ዘርጋፎች ጋ ሄደ። ድልነሳ እንደ አፈጣጠሩ፣ ሳይጠየቅ፣ «ሦስት መቶ!» አለው። ከዚያ ወደ እናት ምንጭ ወረደ። ብጡል የምንጩን አፍ እያጸዳች ነበር። መንደርተኛው ሁሉ ዙሪያዋን ቆሟል፤ ሦስት መቶ አንገት ላይ ሦስት መቶ ዶቃ በፀሐይ ያብለጨልጫል።

ዘገየ ብዕሩን አወጣ። «የንጉሥ ትእዛዝ ነው፣ እትዬ ብጡል። ስንት ዶቃ አላችሁ?»

ብጡል ደለሉን ከእጇ አራግፋ ቀና አለች። ስንሻውን አየችው። ስንሻው ሰማይ ሰማዩን ያያል።

«ሦስት» አለች።

ዘገየ ዙሪያውን ቀስ ብሎ ቃኘ። ከዚያ ወረቀቱ ላይ ሦስት ብሎ ጻፈ፣ ከምንጩም አንድ እፍኝ ጠጥቶ ሄደ።